ጅቡን ከመኝታ ቤት ማስወጣት፦ ጨለማ ለሚፈራ ልጅ ደረጃ በደረጃ

ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄ ሦስት ዓመቷ ሳለች እራት አልበላም ማለት አበዛች። አንድ ምሽት ጉርሻ ይዤ ስለማመጣት ትዕግስቴ አለቀና «ብዪ! አለዚያ አያ ጅቦ ይመጣል» አልኳት። አፏን ወዲያው ከፈተች። በማግስቱ ደገምኩት። ሳምንት ሳይሞላ ሳህኗን በአምስት ደቂቃ የምትጨርስ ልጅ ሆነች። እኔም ጎበዝ እናት የሆንኩ መሰለኝ።

ጅብ መጥራት ቀላል ነው። መሸኘቱ ነው የሚከብደው። እራት አልቆ መብራት ሲጠፋ የጠራሁት ጅብ አልሄደም። በሩ ጀርባ ቆሟል። አልጋው ሥር ተኝቷል። ልጅቷ መጀመሪያ «ማሚ፣ መብራቱን እንዳታጠፊው» አለች። ቀጥሎ ብቻዬን አልተኛም መጣ። ቀጥሎ ከሳሎን ወደ ኩሽና እንኳን ብቻዬን አልሄድም።

ያንን ጅብ ከቤት ለማስወጣት አራት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ያኔ የሠራልኝን፣ ያበላሸሁትን፣ በኋላም እያነበብኩ ያስተካከልኩትን ነው እዚህ የማስቀምጠው። ቅደም ተከተሉን ብትጠብቁ ይሻላል። እኔ ከመሃል ጀምሬ ነው አንድ ወር ያባከንኩት።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

የጠራው ሰው ባይኖርም ፍርሃቱ በአብዛኛው መምጣቱ አይቀርም። ብዙ ልጆችን ከ2 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራቸዋል። እስከ 6 ዓመት ገደማ ይበረታል። ትምህርት ቤት ገብተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃቸዋል።

የሚጀምርበት ዕድሜ በአጋጣሚ አይደለም። የአንድ ዓመት ሕፃን ዓይኑ ፊት የሌለን ነገር ብዙም አይስልም። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ዱላውን ፈረስ፣ ቆርኪውን ከብት አድርጎ ይጫወታል። ይኸው ጭንቅላት ነው ማታ በር ላይ የተሰቀለውን ጋቢ ሰው የሚያደርገው። መፍጠር ችሏል፤ የፈጠረውን ከእውነተኛው መለየት ግን ገና አልጠነከረለትም። ስለዚህ «ምንም የለም፣ ተኛ» ማለት ብቻውን አይሠራም። እሱ እኮ አይቶታል።

«ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። ፍርሃቱ አይጠፋም። ልጁ መናገሩን ነው የሚተወው። አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ ብቻውን ይፈራል፣ እኛም ለቀቀው ብለን እንረሳለን።

ከመጀመራችሁ በፊት አጣሩ

ጨለማ የሚፈራ የሚመስል ልጅ ሁሉ ጨለማ አይፈራም።

አንደኛው ዳፍንት ነው። ልጁ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይደናቀፋል? ሌሎች ልጆች የሚያዩትን ኳስ እሱ በመዳበስ ይፈልጋል? ብርሃን ደብዘዝ ሲል መጫወት ትቶ አንድ ቦታ ይቀመጣል? ይህ ፍርሃት ላይሆን ይችላል። የቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይን በጨለማ የማየት ችሎታውን እንዲያጣ ያደርጋል። በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ የሚሰጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ልጃችሁ ካመለጠው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በቤት ደግሞ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች፣ የእንቁላል አስኳልና ጉበት አሉ። ዳፍንትን በጨዋታና በማለማመድ አታድኑትም።

ሁለተኛው የሌሊት ጩኸት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ልጁ በተኛ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ድንገት ባንኖ ከጮኸ፣ ዓይኑ ተከፍቶ እናንተን ካላወቃችሁ፣ ጠዋት ደግሞ ምንም ካላስታወሰ፣ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ ነው የባነነው። በግድ አትቀስቅሱት፤ እንዳይወድቅ ጠብቁት እንጂ። በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። ወደ ንጋቱ ነቅቶ «ውሻ ሲያባርረኝ» ብሎ የሚነግራችሁ ከሆነ ግን ቅዠት ነው። ያን ጊዜ እቅፍ አድርጋችሁ ማረጋጋት ነው።

ሦስተኛው በልጁ ሕይወት ውስጥ የተፈጠረ ነገር ነው። አዲስ ሕፃን ተወለደ? ቤት ቀየራችሁ? ለቅሶ ነበር? የሚያስፈራራው ሰው አለ? ትናንት በደህና ይተኛ የነበረ ልጅ ዛሬ ድንገት ጨለማ ከፈራ፣ ጨለማውን ትታችሁ ትናንትን ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ በቀን ጠይቁ

ማታ በፍርሃት ላይ ያለን ልጅ «ምንድነው የምትፈራው?» ማለት ጥቅም የለውም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀጉሯን ስትሠሯት ወይም ጫማ ስታስሩለት ጠይቁ። ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ሲሆን ልጅ ብዙ ያወራል። ወረቀትና እርሳስ ስጡትና ይሳለው።

ልጄ ስትስለው ጅቡ ነጭ ነበር። ነጭ ጅብ! በኋላ ነው የገባኝ። በሩ ጀርባ ምስማር ላይ የምሰቅለው ጋቢዬ ነው። መብራት ጠፍቶ የመንገድ ብርሃን በመጋረጃው ስንጥቅ ሲገባ የሚታያት እሱ ነበር።

የሁሉም ልጅ ፍርሃት አንድ አይደለም። አንዱ የሚፈራው ድምፅ ነው። አንዱ ሌባ ነው። አንዱ ጨለማውን ሳይሆን ብቻውን መሆኑን ነው፤ ታናሽ እህቱ አጠገቡ ብትተኛ ጨለማው ምኑም አይደለም። ይህን ሳታውቁ መብራት ብትገዙለት ገንዘባችሁ ነው የሚባክነው።

ደረጃ 2፦ ጅቡን ጡረታ አስወጡ

ይህ ደረጃ ለልጁ አይደለም፤ ለቤቱ ሰው ሁሉ ነው። ሴት አያት፣ አጎት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ጎረቤት፣ እናንተም ጭምር። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጅብ፣ ጭራቅ፣ ሰይጣን፣ ፖሊስ፣ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ለማስፈራሪያ አይጠሩም። አንድ ሰው እንኳ ካልተስማማ የቀረው ድካማችሁ ሁሉ ባዶ ነው።

እናቴን ማሳመን ከባድ ነበር። «አንቺንም እንዲሁ ነው ያሳደግንሽ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። እኔም «እማዬ፣ እስከ 12 ዓመቴ ማታ ብቻዬን ሽንት ቤት ሄጄ አላውቅም» አልኳት። ሳቀች። ስልክ ስትደውል ግን አንዳንዴ አሁንም ያመልጣታል። ለሠራተኛዋ ደግሞ በቁጣ አትንገሯት። ልጁን ዝም ለማሰኘት ያላት መሣሪያ ያ ብቻ ከሆነ፣ በምትኩ ሌላ ስጧት፤ ለምሳሌ ወዲያው እናንተ ጋ መደወል።

ይቅርታም ጠይቁ። ልጄን «አያ ጅቦ ይመጣል ያልኩሽ እንድትበዪልኝ ብዬ ነው። ውሸቴን ነበር፤ ሁለተኛ አልልም» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «ጭራቁስ?» አለች። እሱንም የጠራ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ጅቡን ግን ፈጽሞ አትደብቁት። ከከተማ ዳር የምትኖሩ ሌሊት ጩኸቱን ትሰማላችሁ፤ ልጁም ይሰማል። ስለዚህ እውነቱን በልኩ ንገሩት፦ ጅብ እውነተኛ እንስሳ ነው፣ ማታ ምግቡን ፍለጋ ይወጣል፣ የተዘጋ ቤት ውስጥ አይገባም። በሐረር ከግንቡ ውጪ ማታ ማታ ሰዎች በእንጨት ጫፍ ሥጋ ይዘው ጅብ እንደሚያበሉ ንገሩት። ተረታችንም ያግዛችኋል። በተረት ውስጥ አያ ጅቦ ሆዳምና ሞኝ ነው፣ ጦጣ የምትጫወትበት። «ተረት ተረት» «የላም በረት» ብላችሁ በዚያ በኩል አስተዋውቁት። የሚሳቅበት ጅብ አያስፈራም።

በገጠር ወይም በጫካ ዳር የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ፣ ማታ ብቻን አለመውጣት ፍርሃት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። እሱን አታጥፉት። የምናስተካክለው ቤት ውስጥ ያለውን ነው።

ደረጃ 3፦ ክፍሉን አብራችሁ መርምሩ

መጀመሪያ በቀን፣ ቀጥሎ በዚያው ቀን ምሽት። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙና ልጁ የሚያየውን እዩ። ቆማችሁ የምታዩት ክፍልና ተኝቶ የሚታየው ክፍል ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። የተሰቀለ ልብስ ካለ አውርዱት። ቁምሳጥኑ አይዘጋም? አሠሩት። መጋረጃው ቀዳዳ አለው? በመርፌ ቁልፍ ያዙት። የኔ ጋቢ አሁን ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው።

ድምፆቹንም እንዲሁ። ቆርቆሮ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ነው «ቀጭ» የሚለው። ኮርኒስ ላይ የሚሮጠው አይጥ ነው። ጣራው ላይ የሚዘለው ድመት ነው፤ አይጡን ፍለጋ። ፍሪጅ ሲነሳና ሲቆም ያጉረመርማል። ልጁ የማያውቀው ድምፅ ሲኖር ስም ስጡለት።

አንዳንድ ሰው ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ «የጭራቅ ማባረሪያ» ብሎ ክፍሉን ይረጫል። ለአንዳንድ ልጅ እንደ ጨዋታ ሊሆነው ይችላል። እኔ ግን አልወደውም። ማባረሪያ ካለ፣ የሚባረር ነገርም አለ ማለት ነው። ጠርሙሱ ባዶ የሆነ ዕለት ምን ሊባል ነው?

ደረጃ 4፦ ምሽቱን አስተካክሉ

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ከ9 እስከ 12 ሰዓት። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ይነጫነጫል፤ የሚነጫነጭ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይፈራል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ከትልልቆቹ ጋር ድራማ የሚያይ ልጅ በአንድ ምሽት አይደፍርም።

ቴሌቪዥንና ስልክ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይጥፉ። የስክሪኑ ብርሃን እንቅልፍ ያባርራል። ከዚያ የሚብሰው ግን የሚያየው ነገር ነው። ዜና ላይ የሚታየው አደጋና ጦርነት ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ እየተጫወተ ቢሆንም ጆሮው ይሰማል።

ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፦ እራት፣ እግር መታጠብ፣ ጥርስ፣ ሽንት፣ ተረት፣ ጸሎት፣ እንቅልፍ። የኛ ቤት «አባታችን ሆይ» ይባላል። የሙስሊም ጎረቤታችን ልጆች አየተል ኩርሲ የሚባለውን የቁርአን አንቀጽ ብለው ነው የሚተኙት፤ ከኔ ልጅ ቀድመው የሚተኙም እነሱ ናቸው። ጸሎት ልጅን ያረጋጋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ «ካልጸለይሽ ሰይጣን ይመጣል» ካላችሁ ጅቡን በሌላ ስም መለሳችሁት።

ብርሃንን በተመለከተ፣ ሶኬት ላይ የምትሰካ ደብዛዛ መብራት ትበቃለች። ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ብርሃን ይሻላል፤ ነጩና ሰማያዊው እንቅልፍ ይቀንሳል። ከዓይኑ ራቅ አድርጋችሁ ወለሉ አጠገብ አድርጓት። ትልቁን አምፖል አብርቶ ማሳደር ግን እንቅልፉንም ይጎዳል፣ ጨለማውንም አያስለምድም።

ደረጃ 5፦ ጨለማውን የጨዋታ ቦታ አድርጉት

ከሁሉም በላይ ለኔ የሠራው ይህ ነው። ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሁላችንም ኩኩሉ ተጫውተናል። የሚፈልገው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፤ የሚደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ። እንደገና «ኩኩሉ!»፣ «አልነጋም!»። ሲዘጋጁ «ነጋ!»። እስኪ አስቡት። ይህ ጨዋታ ከመጀመሪያውም ሌሊት ነው። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ንጋትን የሚጠብቁበት፣ ያውም እየሳቁ። መንጋቱን የሚያውጁት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

እኔ እንዲህ አደረግኩት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን፣ መጋረጃ ዘግተን። ቀጥሎ 1 ሰዓት ላይ፣ ትንሿ መብራት በርታ። ቀጥሎ የክፍሉ መብራት ጠፍቶ የኮሪደሩ በርቶ። በመጨረሻ ሁሉም ጠፍቶ። አንድ ሕግ ብቻ ነበረን፦ ማብሪያ ማጥፊያው የሷ ነው። «ነጋ!» ባለች ሰዓት መብራት ይበራል፤ ማንም አይከራከርም። በመጀመሪያው ምሽት ሦስት ሰከንድ ቆየች። በሁለተኛው ሳምንት እኔን ፍለጋ ጨለማ ክፍል ውስጥ እየዳበሰች ትገባ ነበር። ድንገት «ባ!» ብሎ ማስደንገጥ ግን ክልክል ነው። ታላቅ ወንድም ካለ ለብቻው አስጠንቅቁት።

ሌሎቹን በአጭሩ፦

የባትሪ አደን። አምስት ዕቃ ትደብቃላችሁ፤ ማንኪያ፣ ካልሲ፣ የቡና ሲኒ፣ የፈለጋችሁትን። ልጁ የእጅ ባትሪ ይዞ ይፈልጋል።

ዓይንን መፈተን። መብራት አጥፍታችሁ አልጋ ላይ ተቀመጡና ምን ምን እንደሚታያችሁ ቁጠሩ። መጀመሪያ ምንም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ወንበሩ፣ ቀጥሎ የጫማው ቅርጽ። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ቀዩ ሹራብ ለምን ግራጫ ሆነ? በደብዛዛ ብርሃን የሚያየው የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም። ከአምስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ብርሃን ውስጥ አሥር ደቂቃ እንዲቆይ አድርጉና መብራቱን አጥፉ። የተሸፈነው ዓይን ወዲያው ያያል፤ ሌላው ገና ነው። ልጄ ይህን ለአስተማሪዋም አሳይታለች።

ቆሎ በጨለማ። አንድ አንድ ፍሬ አፍ ውስጥ አድርጎ ሽምብራ ነው፣ ገብስ ነው፣ ሱፍ ነው ብሎ መገመት። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቆሎና ለውዝ ስለሚያንቀው በሙዝና በዳቦ ተጫወቱ።

ሁሉም ጨዋታ ከመኝታ ቀደም ብሎ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ። ሊተኛ ሲል ካስሮጣችሁት እስከ 4 ሰዓት አብሯችሁ ይቆያል።

ደረጃ 6፦ መሰላሉን ውጡ

እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ላይ ያደረገችውን ሥራ አሳተመች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏ ከሩቅ ትመጣለች። በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ቀረብ። እንደገና ትንሽ ቀረብ። በመጨረሻ በእጁ ዳሰሳት። ዛሬም ባለሙያዎች የልጅን ፍርሃት ሲያክሙ መሠረቱ ይኸው ነው፦ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከደስ የሚል ነገር ጋር፣ ሳያስገድዱ።

የኛ መሰላል ይህን ይመስል ነበር፦

1. ትንሿ መብራት በርታ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ።
2. እኔ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ።
3. ወንበሩ ክፍሉ መሃል።
4. ወንበሩ በሩ ላይ።
5. እኔ ኮሪደር፤ አልታይም፣ ግን ሳንጎራጉር ትሰማኛለች።
6. እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። መጀመሪያ በ2 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ5፣ ቀጥሎ በ10።
7. ትንሿ መብራት ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደር ላይ።
8. በሩ ገርበብ።

ሦስት ሌሊት በተከታታይ በሰላም ከተኛች ወደሚቀጥለው። ካለቀሰች አንድ ወደ ኋላ። አራተኛው ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆመናል፣ ምንም አይደለም። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ በወንበር ፈንታ ፍራሹን አንቀሳቅሱ፤ በየጥቂት ቀኑ አንድ ክንድ ራቅ፣ በኋላ መሃሉ ላይ መጋረጃ።

ስድስተኛው ላይ አንድ የኛ አገር አመል አለ። ልንሄድ ስንል «መጣሁ» እንላለን። ብለንም እንቀራለን። ትልቅ ሰው ይገባዋል፤ ልጅ ግን ይጠብቃል። እኔ ሁለት ጊዜ «መጣሁ» ብዬ ሰሃን ሳጥብ ቆይቼ ስመለስ ተቀምጣ በሩን እያየች አገኘኋት። ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ወረድን። «መጣሁ» ካላችሁ ኑ። ተኝታም ቢሆን ኑ።

ለእያንዳንዱ ደህና ሌሊት ጠዋት አንድ የሽምብራ ፍሬ ብርጭቆ ውስጥ ትጨምር ነበር። አሥር ሲሞላ ቅዳሜ የመረጠችው ቦታ እንሄዳለን። ያልተሳካ ሌሊት ፍሬ አይጨመርም፣ የገባውም አይቀነስም።

አሻንጉሊትም ያግዛል፣ ግን አሰጣጡ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 እስራኤልና የሊባኖሱ ታጣቂ ቡድን ሂዝቦላህ ጦርነት ላይ ሳሉ የተፈናቀሉና የተጨነቁ የእስራኤል ሕፃናትን ባለሙያዎች የሚታቀፍ የጨርቅ ቡችላ ሰጧቸው። «ይህ ቡችላ አዝኗል፣ ተንከባከቡት» ተባሉ። ጭንቀታቸው ቀነሰ። በኋላም ማታ ለሚፈሩ ልጆች ተሞከረና ጠቅሟል። ሌላውን የሚያባብል ልጅ የራሱን ፍርሃት ይረሳል። የልጄ የጨርቅ ድመት ጨለማ ትፈራለች። «አይዞሽ፣ ቆርቆሮው ነው» ስትላት ከበሩ ውጪ ሆኜ ሰምቻለሁ።

እኩለ ሌሊት አልጋችሁ ላይ ብትመጣ

ከልጅ ጋር መተኛት በኛ ባህል ነውር አይደለም፤ እዚህ አላወግዘውም። የሚያበላሸው መወላወሉ ነው። ሰኞ አባርራችሁ፣ ማክሰኞ ደክሟችሁ አቅፋችሁ፣ ረቡዕ ተቆጥታችሁ ከሆነ ልጁ በየሌሊቱ ዕድሉን ይሞክራል። አንዱን ምረጡ። ወደ አልጋው የምትመልሱት ከሆነ እጁን ይዛችሁ፣ መብራት ሳታበሩ፣ ብዙ ሳታወሩ መልሱት። «አለሁልህ፣ ተኛ።» በቃ። በአንድ ሌሊት ስድስት ጊዜ የተመላለስኩበት አለ። የአንድ ሳምንት እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ከባለቤታችሁ ጋር ተፈራረቁ።

ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወይም የጋራ ከሆነ፣ ሳይመሽ አንድ ጊዜ አብራችሁ ሂዱ። ሌሊት ደግሞ ፖፖ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ የአምስት ዓመት ልጅም ቢሆን። ጨለማ ፈርቶ ሽንቱን ይዞ የሚያድር ልጅ አልጋው ላይ ይሸናል፤ ከዚያ ኀፍረት ይጨመርበታል።

መብራት ሲሄድ

ልጆች ከኛ ፊት ነው የሚማሩት። መብራት ድንገት ሲጠፋ እናት «ውይ!» ብላ ከጮኸች ጨለማ «ውይ» የሚባልለት ነገር ነው። ስለዚህ ተዘጋጁ። የእጅ ባትሪ ወይም ቻርጅ የሚደረግ መብራት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ቦታውንም ልጁ ይወቅ። በኛ ቤት የመብራት ኃላፊዋ ልጄ ናት። ሲጠፋ ተነስታ የምታመጣው እሷ ናት። እስክትመለስ ማንም ስልኩን አያበራም፤ ሥራዋን እንዳይቀማት። ከዚያ ግድግዳው ላይ በእጃችን ጥላ ወፍና ውሻ እንሠራለን። አንዳንዴ መብራት ሲመጣ ሁላችንም እናዝናለን።

ሻማና ኩራዝ ግን ልጅ ክፍል ውስጥ አይግቡ። መጋረጃ ይይዛል፣ አልጋ ልብስ ይይዛል። ሻማ በርቶ አዋቂ ነቅቶ ካልተቀመጠ ጨለማው ይሻላል።

ውጭ አገር ላላችሁ

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ በነሱ 15፣ ሳይሞላ ትጠልቃለች። ልጁ ከመዋያው የሚወጣው በጨለማ ነው። እዚያ ያሉ እናቶች የሚያደርጉትን አድርጉ፦ አንጸባራቂ ልብስ አልብሳችሁ ጨለማው ውስጥ አጫውቱት። ጨለማ ውስጥ በረዶ ተንሸራቶ የመጣ ልጅ ማታ ክፍሉን ያን ያህል አይፈራም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ «ልጁ በራሱ ክፍል ካልተኛ» የሚል ጫና አለባችሁ። ከአያቱ ጎን ተኝቶ ያደገ ልጅ በመጣ በሳምንቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ለብቻው ቢደረግ ቢያለቅስ አይገርምም። ከመሰላሉ አንደኛ ጀምሩ፤ አትቸኩሉ።

ሐኪም ጋ መቼ?

ፍርሃቱ በርትቶ ከ6 ወር በላይ ከቆየ፤ ልጁ በእንቅልፍ እጦት ትምህርት ቤት የሚያንቀላፋ ከሆነ፤ 9 ወይም 10 ዓመት ሞልቶት እየባሰበት ከሄደ፤ ሲመሽ የሚያስመልሰው፣ የሚያልበው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ። አደጋ ወይም ጦርነት ያየ ልጅ፣ ወይም ሰው ነክቶታል ብላችሁ የጠረጠራችሁት ልጅ ከሆነ 6 ወር አትጠብቁ። የሕፃናት ሐኪም ጋ ሂዱ፤ እሱ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይመራችኋል። ፀበልና ዱዓ የምታደርጉም ከሆነ አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ሲያገረሽ

ያገረሻል። ክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሲታመም፣ ከዘመድ ቤት አድሮ ሲመጣ። እኛ ሁሉንም ጨርሰን ሁለት ወር ከቆየን በኋላ የአጎቷ ልጆች የጭራቅ ወሬ ነግረዋት ፍርሃቱ ተመለሰባት። ከዜሮ አልጀመርንም። አራት ደረጃ ብቻ ወርደን ወንበሩን በሩ ላይ መለስኩት፤ በቀን ደግሞ ጭራቁን ሳለችው። በስድስተኛው ሌሊት ወንበሩን ራሷ ወደ ሳሎን ገፋችው።